ሠዓሊው እስኪሞት ትንሽ ታገሺ

ሐረር ላይ አንዲት ተማሪ ለግል ጥናቷ ፕሮፖዛል ይዛ ቀረበች። ርዕሷ «ዛሬ በሐረር የሚሠሩ ሠዓሊዎች» ይላል። ዛሬ! እዚሁ! ደግሞ በሕይወት ያሉ! ይሄ ድፍረት ከየት እንደሚመጣ እንጃ።

ደግነቱ አማካሪዋ በሳል ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ሪፈረንስ አለሽ?»

«መምህር፣ የተጻፈ ስላጣሁ እኮ ነው ላጠናው የፈለግኩት።»

«ያልተጻፈ ነገር እንዴት ይጠናል? መጀመሪያ ይጻፍ፣ ከዚያ ታጠኚዋለሽ።»

ማን ይጽፈዋል ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። የሰው ነገር!

እኔ ይህን ልማዳችንን ከልቤ አደንቃለሁ። ጥበበኛን የምናከብረው ሲርቅ ወይም ሲሞት ነው። ሁለቱም ከሆነማ እሰየው። ራምቦን እዩት። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ሐረር ሲመጣ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ ቡና ይነግድ ነበር። በስሙ ሙዚየም የሆነው ቤት ደግሞ እሱ ከሞተ በኋላ በህንድ ነጋዴ የተሠራ ነው። ግጥም ለተወበት ዘመኑ ያልኖረበትን ቤት ሸለምነው። እንግዳ ተቀባይነት ይሏል ይሄ ነው!

ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታም ሥርዓቱን አሟልቷል። እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወለደ፣ ጀርመን ተማረ፣ በ1981 አሜሪካ በስደት ሞተ። በስሙ የተጠራው ሙዚየም ያለው አዲስ አበባ ነው። የሐረር ልጅ ማየት ካማረው አውቶቡስ ሞልቷል።

በሕይወት ያለ ሠዓሊ ግን ያስቸግራል። ስልክ ያነሳል። ሲጠይቁት ይመልሳል፤ ይባስ ብሎ «እኔ እንደዚያ ማለቴ አይደለም» ይላል። ሲቸግረው ታፔላ ይጽፋል፣ ባጃጅ ያስጌጣል። ስፌትም እንደዚሁ ነው፦ አያት የሰፋችው ቅርስ፣ የልጅ ልጅ ባለፈው ሳምንት የሰፋችው ዕቃ። ድሬ ወርዳችሁ ብትጠይቁም «አቦ፣ ሥዕል ካማረህ ለገ ኦዳ ዋሻ ሂድ!» ብትባሉ አይግረማችሁ። ልክ ነው። የዋሻዎቹ ሠዓሊዎች ካለፉ ሺህ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ አንዳቸውም የቀለም መግዣ ጠይቀው አያውቁም።

ተማሪዋ በስተመጨረሻ ገባት። ርዕሱን «የጀጎል ግንብ ለቱሪዝም ዕድገት ያለው ሚና» ብላ ቀየረችው። ግንቡን ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. መዝግቦታል፤ ሪፈረንስ እንደ ልብ ነው። ፕሮፖዛሉ በዚያው ቀን ጸደቀ። አማካሪዋም ደስ ብሏቸው፣ መግቢያውን ካምና ተማሪ እንድትወስድ መከሯት።