አይሁድ በሌሉበት ከተማ የአይሁድ ቲያትር፦ ደግ ሥራ ወይስ ነውር?

ቲኮቺን በሰሜን ምሥራቅ ፖላንድ፣ ናሬቭ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሕዝቧ ቢበዛ 2,000 ቢሆን ነው። አይሁዶቹ ቲክቲን ይሏት ነበር፤ ከ1522 እስከ 1941 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኖረውባታል። ዛሬ ማኅበራቸው የለም። ምኩራባቸው ሙዚየም ሆኗል፤ አይሁድ ከጥፋት የተረፉበትን ለሚያስቡበት ለፉሪም በዓል የአስቴርን ታሪክ በቲያትር ሲያሳዩ የቆዩት ደግሞ የከተማዋ ካቶሊኮች ናቸው። ኑሮዋ እስራኤል የሆነው ሜሮን ይሄ ነውር ነው ትላለች። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሄደው ፖላንድ የቀሩት ጋሽ ተፈራ አይስማሙም።

ሜሮን፦ ቲክቲንን ያየኋት 11ኛ ክፍል እያለሁ ነው። የእስራኤል ተማሪዎች በአውቶብስ ፖላንድን የሚዞሩበት ጉዞ አለ። መጀመሪያ ምኩራቡ ገባን፣ ዘፈንን፣ ተቃቅፈን ጨፈርን። ከዚያ አውቶብሱ ብዙም ሳይነዳ ዎፑሆቮ ጫካ አወረደን። ዝም ያለ ጫካ ነው። መሃሉ ላይ የታጠሩ የጅምላ መቃብሮች አሉ። ኦገስት 25 ቀን 1941 ጠዋት ጀርመኖች አይሁዱን ገበያው አደባባይ ላይ ሰበሰቡ፤ ወንዶቹን በእግር፣ ሴቶቹንና ሕፃናቱን በካሚዮን ወሰዷቸው። ጉድጓዱ ቀድሞ ተቆፍሮ ነበር። በማግስቱ ሁሉም ነገር አለቀ። የሟቾቹ ግምት ከ1,400 ይጀምርና 2,000ን ያልፋል። የ400 ዓመት ኑሮ በ2 ቀን! ከዚህ በኋላ አንድ ሰውዬ ጺም ለጥፎ መርዶክዮስ ነኝ ሲል ማየት እኔን ይከብደኛል።

ጋሽ ተፈራ፦ ሜሮንዬ፣ ስለ ጫካው የሚከራከርሽ የለም። እኔ የምልሽ 400ውን ዓመት አትዝለይው ነው። በ1522 የከተማዋ ጌታ ኦልብራኽት ጋሽቶልድ ከግሮድኖ አይሁዶችን አምጥቶ አሰፈረ። ለጽድቅ ብሎ እንዳይመስልሽ፤ ገበያው እንዲሞቅለት ነው። በ1642 የሠሩት ምኩራብ ዛሬም ቆሟል። ስትጨፍሩ ቀና ብለሽ አይተሽ ከሆነ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የጸሎት ጽሑፍ ነው፤ መጽሐፍ ውድ በነበረበት ዘመን የጸሎት መጽሐፍ የሌለው ሰው ከግድግዳው ያነብ ነበር ይባላል። መሃል ላይ በ4 ወፋፍራም ዓምዶች መካከል ኦሪት የሚነበብበት መድረክ አለ። እኔ እዚያ በገባሁ ቁጥር አንገቴን እስኪያመኝ ነው የማየው፣ ዕብራይስጥ አንድም ፊደል ሳላውቅ። ከጦርነቱ በኋላ ይሄ ቤት ምን ሆኖ እንደነበር ታውቂያለሽ? የማዳበሪያ መጋዘን! የታደሰው በ1970ዎቹ ነው። ዛሬ በሩን የሚከፍቱት፣ ትኬት የሚቆርጡት፣ ለእንግዳ የሚያስረዱት አይሁድ አይደሉም። እነሱም "እኛን አያገባንም" ቢሉስ?

ሜሮን፦ ጋሼ፣ ማደስ ሌላ፣ ሆኖ መጫወት ሌላ። ማደሱን ማን ጠላ? ወለቃን ያውቋታል፣ ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችውን መንደር። አያቴ የዚያ አካባቢ ሰው ናት። ቤተ እስራኤሎቹ ከሄዱ ቆዩ። መንገዱ ዳር ግን "የፈላሻ መንደር" የሚል ጽሑፍ ነበር፤ የዳዊት ኮከብ ያለበት ሸክላ ለቱሪስት ይሸጣል። አያቴ በዚያ ስም ስትሰደብ ነው ያደገችው። እሷ ሄደች፣ ስድቡ ግን እዚያው ቀርቶ ሸቀጥ ሆነ።

ጋሽ ተፈራ፦ የወለቃውን ጥሩ አመጣሽ። ግን አያትሽ ሄዱ እንጂ አልጠፉም፤ የልጅ ልጃቸው ይኸው ቁጭ ብላ "ስማችንን አትሽጡ" ትላለች። የቲክቲኑን ማን ያንሳው? ያው ጎረቤት ነው።

ሜሮን፦ እሱ ነው እኮ ችግሩ! ባለቤቱ ተነስቶ "ተው" የማይልበት ቲያትር ቀላል ነው። ደግሞ የመረጡትን ታሪክ ይዩት። መጽሐፈ አስቴር አይሁድን ሊያስፈጅ የተነሳው ሐማ ተሰቅሎ፣ አይሁዱ ተርፎ፣ ድግስ ሆኖ ነው የሚያልቀው። ቲክቲን ላይ ሐማ ነው ያሸነፈው። እና ቤቶቹስ? ባለቤቶቹ ጫካ ሲቀሩ ወንበሩና አልጋው የት ገባ? በ2021 ፖላንድ ከ30 ዓመት በላይ የቆየ የንብረት ውሳኔን መቃወም የሚከለክል ሕግ ስታወጣ እስራኤል ዲፕሎማቷን ወደ አገሯ እስከመጥራት ደርሳለች። ብዙም ሳይርቅ የድቫብኔ የምትባል ከተማ አለች። ጁላይ 10 ቀን 1941 እዚያ አይሁዶችን ጎተራ ውስጥ ዘግተው ያቃጠሉት፣ ጀርመኖቹ ቢገፋፏቸውም፣ የራሳቸው ፖላንዳውያን ጎረቤቶች ናቸው። የመንግሥት ምርመራ ራሱ የሟቾቹን ቁጥር ቢያንስ 340 ብሎታል። ስለዚህ "ጎረቤት ያንሳው" ሲሉኝ ትንሽ ይቆረቁረኛል።

ጋሽ ተፈራ፦ ይቆርቁርሽ፣ መብትሽ ነው። በ2001 ፕሬዚዳንት ክቫሽኒየቭስኪ የድቫብኔ ድረስ ሄደው ይቅርታ ሲጠይቁ እዚህ አገር ስንቱ እንደተቆጣ እኔ ነኝ የማውቀው። በ2018 ደግሞ የፖላንድን ሕዝብ የናዚ ወንጀል ተጠያቂ ያደረገ እስከ 3 ዓመት ይታሰር የሚል ሕግ ወጣ። ጩኸት ሲበዛ እስሩን በወራት ውስጥ አነሱት። እንዲህ ባለ አገር አንዲት ሴትዮ ከሥራ መልስ ተለማምዳ የአስቴርን ቀሚስ ብትለብስ ለኔ ቀላል ነገር አይደለም። ልጇ "እማዬ፣ ይሄ በዓል የማን ነው?" ብሎ ይጠይቃታል። ከዚያ ጥያቄ ወደ ቤቶቹ ጥያቄ ብዙ መንገድ የለም። ቤቶቹን በተመለከተ ግን እጅ ሰጥቻለሁ። እሱ ላይ መልስ የለኝም።

ሜሮን፦ ሴትዮዋን አልሰደብኩም። አንድ ነገር ብቻ፦ ቲያትሩ ሲያልቅ ተመልካቹን ይዘው ጫካው ድረስ ይሂዱ።

ጋሽ ተፈራ፦ ፉሪም ክረምቱ ገና ሳይወጣ ነው እኮ፣ ልጄ። ያኔ መንገዱ በረዶና ጭቃ ነው፤ ሽማግሌ ይዘሽ አትገቢበትም።

ሜሮን፦ እንግዲያው በኦገስት ይሂዱ።

ጋሽ ተፈራ፦ በኦገስት ፉሪም የለም።

ሜሮን፦ አውቃለሁ ጋሼ። ቲያትር ሳይኖር የሚሄድ ስንት ሰው እንደሆነ ነው ማየት የፈለግኩት።