«ንጹሕ ሰው ጠበቃ ምን ያደርግለታል?»

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ በተደረገ አንድ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ መድረኩን የያዙት ሰው «ፖሊስ ለፍቶ የያዘውን ፍርድ ቤት በዋስ እየለቀቀ አስቸገረን፤ ንጹሕ ሰው ከሆነስ ጠበቃ ምን ያደርግለታል?» አሉና ተጨበጨበላቸው። ከንግግሩ ይልቅ ጭብጨባው ነው የሚከነክነው። ያጨበጨበው ሁሉ ነገ ልጁ በባጃጅ ሰው ቢገጭ፣ ወንድሙ ጠብ ሊገላግል ገብቶ አብሮ ቢታፈስ፣ ወዴት እንደሚሮጥ አላሰበበትም።

የንግግሩ የመጀመሪያ ግማሽ ብዙ አያደክምም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት አለው ይላል፤ ልዩ ሁኔታ የተባለው መከልከሉ ነው። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 67 ደግሞ ዳኛው ዋስትና የሚነፍግባቸውን ምክንያቶች ቆጥሮ አስቀምጧል፦ ግዴታውን አክብሮ አይቀርብም ተብሎ ሲገመት፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ተብሎ ሲሰጋ፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ሲባል። «ፖሊስ ለፍቷል» የሚል አራተኛ ምክንያት የለም። በዋስ ወጥተው የሚጠፉ አሉ? አሉ። ዋስ የሚጠራውም ለዚሁ ነው፤ ሰውዬው ቢቀር ገንዘቡ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል፣ እሱም ተፈልጎ ይያዛል።

ሁለተኛው ግማሽ ግን ዝም ተብሎ አይታለፍም። ጠበቃ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለንጹሑ ሰው ነው። ጥፋተኛውማ ምን እንደሠራ ስለሚያውቅ ምን እንደሚመጣበትም ይገምታል። ንጹሑ «እውነቱን ስናገር ይለቁኛል» ብሎ ሦስት ገጽ ቃል ይሰጣል፣ ሳያነብ ይፈርማል፣ ከዚያም ፖሊስ ተጨማሪ የምርመራ ቀን በሚጠይቅበት የጊዜ ቀጠሮ ችሎት ላይ ቆሞ «የምትለው አለ?» ሲባል አንገቱን ደፍቶ «የለም» ይላል።

አንድ የባጃጅ ሾፌር ቀበሌ 14 አካባቢ እግረኛ ገጨ፣ ተጎጂውም ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ደርሶ ሞተ እንበል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 2 እንደ ሐኪም ወይም እንደ ሾፌር ያለ የሙያ ግዴታ ያለበትን ሰው በቸልተኝነት ሰው ሲገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና በመቀጮ ይቀጣል። ንዑስ አንቀጽ 3 ግን ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ነጂው ግልጽ የሆነ ደንብ አውቆ ከጣሰ ወይም ጠጥቶ ከነዳ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርገዋል። መርማሪው መዝገቡ ላይ «2» ብሎ ከጻፈ ልጁ በዋስ ወጥቶ ይከራከራል። «3» ብሎ ከጻፈ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ይመጣል፤ ወንጀሉ 15 ዓመት ሊያስቀጣ ይችላል፣ ሰው ሞቷል፣ ስለዚህ ዋስትና የለም። የአንድ ሰው ወራት የሚወሰነው በዚህች አንዲት ቁጥር ነው። መንጃ ፈቃዱን አለማሳደሱ ደንብን አውቆ መጣስ ነው? ወይስ ለአደጋው ምክንያት ያልሆነ የወረቀት ጉድለት? የትራፊክ ፖሊሱ የአደጋ ቦታ ንድፍ (ፕላን) እግረኛው ከየት እንደገባ ያሳያል? ይህን ክርክር ሌሊቱን በድንጋጤ ያደረ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው የሚያነሣው? እኚያው ተናጋሪ ቢያዙ ያነሡት ይሆን?

ነገሩ የሚበላሸው ከዚያም በፊት ነው። ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት፤ ከዚህ ላይ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚጠይቀው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ጣና ሐይቅ ላይ ካለው ደቅ ደሴት በጀልባ የሚመጣ ተጠርጣሪ ቢዘገይ ይገባናል። ጣቢያው ከፍርድ ቤቱ አንድ የባጃጅ መንገድ ሆኖ ሳለ አራት ቀን የሚቆየው ግን በየትኛው ሐይቅ ዞሮ ነው?

ሲቀርብም መርማሪው የሚናገረው የተለመደ ነው፦ የምስክር ቃል ተቀብዬ አልጨረስኩም፣ የሕክምና ማስረጃ አልመጣልኝም፣ ያልተያዘ ግብረ አበር አለ፣ 14 ቀን ይሰጠኝ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት 14 ቀን የአንድ ቀጠሮ ጣሪያ እንጂ ደንበኛ መጠን አይደለም። በዚህ ሰዓት አጠገቡ ጠበቃ ካለ ጥያቄው ይለወጣል። ባለፈው ቀጠሮ ስንት ምስክር ሰማህ? የቀሩት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ከሆኑ እስር ቤት ያለ ሰው በምን ያስፈራራቸዋል? የሕክምናውን ወረቀት የሚሰጠው ሆስፒታሉ ነው፤ ተጠርጣሪው በምን አቅሙ ያጠፋዋል? ዳኛው ይህን ሁሉ በራሱ ሊጠይቅ ይገባ ነበር። መዝገብ ተቆልሎበት አይጠይቅም። የዋስትና ማመልከቻ በጽሑፍ ሲገባ ግን በአንቀጽ 66 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ውሳኔ መስጠት ግዴታው ነው። ከከለከለም በአንቀጽ 75 መሠረት በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል። ስንቱ ቤተሰብ ነው ይህን ቀን ሳያውቅ ያሳለፈው?

ዋስትና መፈቀዱ ብቻውን አያስፈታም። አንቀጽ 69 ዳኛው መጠኑን ሲወስን የተጠርጣሪውንና የዋሶቹን አቅም እንዲያይ ያዛል። ድንጋይ ተሸክሞ ለሚያድር የቀን ሠራተኛ 50 ሺህ ብር መጥራት በጨዋ ቋንቋ መከልከል ነው፤ ያንን የሚናገርለት ሰው ከሌለ ግን ዳኛው በምን ያውቃል? የደመወዝ ዋስ ሲሆን የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የደመወዙን መጠን፣ ሠራተኛው ለሌላ ሰው ዋስ አለመሆኑንና ማኅተም ካልያዘ ይመለሳል። በጥሬ ገንዘብ ሲሆን ዓርብ ከሰዓት የተፈቀደ ዋስትና ሒሳብ ክፍሉ ከዘጋ እስከ ሰኞ ያሳድራል፤ ስለዚህ ገንዘቡም ዋሱም ከችሎቱ በፊት ይዘጋጅ። ክፍያው በፍርድ ቤቱ ደረሰኝ ይሁን፣ ደረሰኙም አይጣል፤ ዋስትና ቅጣት ስላልሆነ ሰውዬው እየቀረበ መዝገቡ ሲዘጋ ገንዘቡ ይመለሳል። የመፍቻ ትእዛዙን ይዞ ጣቢያ የሚሄድ ሰውም መታወቅ አለበት፤ ወረቀቱ በራሱ እግር አይሄድም።

ጠበቃ ከየት ይምጣ ለሚል፣ ባሕር ዳር የክልሉ መቀመጫ ናትና ጠበቃ አይጠፋባትም። የሚያስቸግረው ፍርድ ቤት በር ላይ «ዳኛውን አውቀዋለሁ» እያለ የሚቀርበው ደላላ ነው። ዳኛ አውቃለሁ ያለ ሕግ አያውቅም ማለት ነውና ይታለፍ። ከክልሉ ፍትሕ ቢሮ የተሰጠውና የታደሰ የጥብቅና ፈቃድ ይጠየቅ፤ የወንጀል ጉዳይ በየቀኑ የሚይዝ መሆኑም ይጣራ፣ የውርስና የመሬት ጠበቃ ጥሩ ሆኖ ሳለ ለጊዜ ቀጠሮ ላይበጅ ይችላል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፦ ክፍያው ለጊዜ ቀጠሮው ብቻ ነው? የዋስትና ይግባኝንም ይጨምራል? ዋናውን ክርክርስ? የዋስትናው ብር በጠበቃው የግል ሒሳብ አይግባ። ጠበቃው ዘንድ የሚሄደው ቤተሰብ ደግሞ የተያዘበትን ጣቢያ፣ ቀንና ሰዓት፣ የመርማሪውን ስም፣ የቀጠሮውን ቀን ይዞ ይሂድ፤ «ልጄን አሠሩት» ብቻ ብሎ ማልቀስ ግማሽ ቀን ያባክናል። ገንዘብ ለሌለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ማመልከቻ ቢያንስ ይጽፉለታል።

መንግሥት የሚመድበው ተከላካይ ጠበቃስ? እሱ ብቅ የሚለው ባብዛኛው ክስ ከተመሠረተ በኋላ ነው። በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ የተቀመጠው የተከሰሱ ሰዎችን በሚመለከተው አንቀጽ 20 ስለሆነ፣ «ገና ተጠርጣሪ ነው» እየተባለ ድሃው ሁለትና ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ብቻውን ይቆማል። ቃል ተሰጥቶ፣ አንቀጹ ተለጥፎ፣ ዋስትናው ተነፍጎ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ጠበቃ የሚረከበው የተበላሸ መዝገብ ነው። በየጊዜ ቀጠሮ ችሎቱ፣ ቅዳሜና እሑድ በሚሰየመው ተረኛ ችሎትም ጭምር፣ አንድ ተረኛ ተከላካይ ጠበቃ ይቀመጥ። አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም፤ አንድ ወንበርና የተራ መርሐ ግብር ይበቃል። በሚቀጥለው ስብሰባ መድረክ የሚይዙት ባለሥልጣን ይህ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ ቀን ቆርጠው ይንገሩን፣ ያኔ እናጨበጭባለን።