ስለ ጳጉሜን ቁርጡን ንገሩኝ

ዓመት ያለፈውን ይህን ጉዳይ ዛሬም በሆዴ ይዤ ማደር ስላልቻልኩ እጽፈዋለሁ። ለአንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክትባት መመዝገቢያ ስንሠራ፣ ብዙ የሶፍትዌር ገንቢዎች የሚጠቀሙበትን፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ (ኦፕን ሶርስ) አንድ ቀን መምረጫ አስገብተን ነበር። የክትባት ክፍሏ ሲስተር ደውላ፣ «ጳጉሜን 3 የተወለደውን ልጅ የሚቀበልልኝ ቦታ አጥቼ ነሐሴ 30 ብዬ መዘገብኩት» አለችኝ። ከውልደት በ6ኛው ሳምንት የሚጀምረው ክትባት ቀጠሮው ሦስት ቀን ቀድሞ ሊወጣ ነው ማለት ነው። ኮዱን ስከፍተው ዓመት 12 ወር ብቻ አለው የሚለው ግምት በየፋይሉ ተበትኖ አገኘሁት።

አሥራ ሦስተኛ ወር ለኮምፒውተር እንግዳ ነገር አይደለም። ጃቫ የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ካሌንደር ለአሥራ ሦስተኛ ወር ኡንዴሲምበር የሚል ስም አለው፤ አይሲዩ የተባለው ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ዝግጁ ኮድ) የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ ብራውዘሮችም አንድን ቀን በእኛ አቆጣጠር ቀይረው ያሳያሉ። የጎደለው መምረጫው ብቻ ስለነበር፣ ጳጉሜን 5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ 6 ቀን እንድትሆን ጽፌ፣ ከነቴስቱ (ኮዱ በትክክል መሥራቱን ከሚፈትሸው ኮድ ጋር) ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም ለውጤን ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ፣ ላክሁ።

ከፕሮጀክቱ ጠባቂዎች፣ ማለትም ኮዱን ከሚመሩት ሰዎች፣ መጀመሪያ የተሰጠኝ መልስ ተጠቃሚው ጥቂት ስለሆነ ፕለጊን (ከውጭ የሚቀጠል ተጨማሪ ኮድ) አድርገው የሚል ነበር። 12 የሚለው ቁጥር የተጻፈው ፕለጊን ሊነካው በማይችለው ዋናው ኮድ ውስጥ መሆኑን መስመር በመስመር አሳየሁ። ቀጥሎ ለውጡ ትልቅ ስለሆነ ከፋፍለው ተባልኩ፤ በአራት ከፋፍዬ የመጀመሪያውን ክፍል ስልከው፣ ሌላ ገምጋሚ መጥቶ ይህ ብቻውን ምን ይጠቅማል ሲል ጠየቀኝ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ የወሮችን ብዛት የሚመልሰው ፈንክሽን (የኮዱ ክፍል) ስሙ ምን ይሁን በሚል ክርክር አለቀ፤ ስለ ስሙ አስተያየት ከሰጡት መካከል ቴስቱን አስኬዶ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ዋናው ብራንች (የፕሮጀክቱ ዋና ቅጂ) በተቀየረ ቁጥር ሪቤዝ የማደርገው፣ ማለትም ለውጤን ከአዲሱ ጋር የማስማማው፣ ግጭቱን የምፈታው እኔ ነኝ፤ እሱን ጨርሼ ሪቪው (ግምገማ) ስጠይቅ ግን መልስ የሚሰጠኝ የለም።

የፕሮጀክቱን ጠባቂዎች ሸክም አላቃልልም። ብዙዎቹ ያለ ክፍያ በትርፍ ሰዓታቸው ይሠራሉ፤ እኔ ኮዱን ሰጥቼ ብሄድ ከስህተቱ ጋር የሚቀሩት እነሱ ናቸው፤ የነበረውን አሠራር መንካትም በላዩ የተገነባውን ሁሉ ሊያናጋ ይችላል። ሰፊ ክርክርም አልጠላም። ሊኑክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለሪል ታይም (በተወሰነለት ቅጽበት መፈጸም ላለበት) ሥራ የሚያበቃው ለውጥ ተጠቃሎ ዋናው ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ የገባው 20 ዓመት ያህል ከተለፋበት በኋላ፣ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ነው። ፓይተን የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም በሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. ከመሪነት የወረደው በአንድ አዲስ ምልክት የተነሳ ክርክር አድክሞት ነው፤ ነገር ግን ከመውረዱ በፊት ሐሳቡን ተቀብሎ ወስኗል። የተቃወሙት ሰዎች ቢከፋቸውም ቁርጣቸውን አውቀዋል። እኔ እስከ ዛሬ የተነፈግሁት ይህንን ነው። የኢትዮጵያን አቆጣጠር አንይዝም የሚል ውሳኔ በግልጽ ቢጻፍልኝ፣ በዚያው ቀን ኮዱን ለይቼ የራሴን ቅጂ እይዝ ነበር፤ እቀበላለሁ የሚል ካለ ደግሞ የቀረውን ሌሊት ተቀምጬ እጨርሳለሁ። አሁን ግን ሁለቱንም ማድረግ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም በየወሩ አንድ ሰው ብቅ ብሎ ሐሳቡ ጥሩ ነው ይልና ተመልሶ ይጠፋል።

ትናንት ሌሊት ጥያቄዬ ለ60 ቀን እንቅስቃሴ አልታየበትም ተብሎ በቦት (ራሱ በሚሠራ ፕሮግራም) ተዘግቷል። በእነዚያ ቀናት መልስ ስጠብቅ የነበርኩት እኔ ነበርኩ። ጠዋት ምክንያቱን ጽፌ መልሼ ከፍቼዋለሁ፤ ሲስተር ደግሞ በጳጉሜን የተወለዱትን ልጆች ትክክለኛ ቀን በደብተር ለብቻው እየጻፈች፣ ቀጠሯቸውን በጣቷ ትቆጥራለች።