ሁሉንም በኔትወርክ ማሳበብ ይብቃን

ቱሉ ዲምቱ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። እዚህ ከከተማው ዳር ለተበላሸ ነገር ሁሉ ሁለት ምክንያት ይበቃል፤ ወይ መብራት ነው፣ ወይ ኔትወርክ ነው። የእድሩ ፕሮግራም ሲንቀራፈፍም መልሱ ያው ነው። ኔትወርኩ ጻድቅ ነው ብዬ ልከራከር አልመጣሁም፤ ስንት ቀን አሳርሮኛል። በዚህኛው ጉዳይ ግን ስሙ በከንቱ እየጠፋ ነው። ጥፋቱ የኮድ ነው፤ ያውም «ስለ ዳታቤዝ ማወቅ አያስፈልግህም፣ ላይብረሪው (ተዘጋጅቶ የሚመጣው የኮድ ስብስብ) ያውቅልሃል» ተብሎ የሠለጠነ ሰው የጻፈው ኮድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮንዶሚኒየማችን ያለ አንድ እድር የአባላቱን መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር አዛውሯል። የሠራው ባለሙያ አስረክቦ ሄደ፤ ጣጣው ለእኔ ተረፈ። ፕሮግራሙ በእድሩ ቢሮ ባለች አንዲት ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ዳታቤዙ ግን «መብራት ሲጠፋ መዝገቡ እንዳይበላሽ» ተብሎ አውሮፓ ባለ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ጸሐፊዋ የአባላት ዝርዝር የሚለውን ገጽ ይከፍቱና ስልክ ያነጋግራሉ፣ ደረሰኝ ይቆርጣሉ፣ የመጣ ሰው ይሸኛሉ፤ ዞር ብለው ሲያዩ ያቺ ክብ ምልክት አሁንም ትሽከረከራለች።

ሙያው ላልሆነ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ዳታቤዝ የሠንጠረዦች ስብስብ ነው። የአይቢኤሙ ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ይህን አሠራር ሲያቀርብ፣ መረጃ በረድፍና በዓምድ ይቀመጣል፣ አንዱ ሠንጠረዥ ከሌላው ጋር በቁልፍ ይገናኛል፣ የምንፈልገውንም በአንድ ጥያቄ ሰብስበን እናወጣለን የሚል ነበር። ኦብጀክት ደግሞ የሌላ ሰፈር ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኖርዌይ ውስጥ ሲሙላ ከተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ጋር መጣ። አንድ «አባል» የራሱን ስም፣ የራሱን ቤት፣ የራሱን ክፍያዎች ይዞ ይዞራል። ሁለቱ ሲፈጠሩ አይተዋወቁም። የሚያስተዋውቃቸው ኦአርኤም የሚባለው መሣሪያ ነው፤ ላይብረሪ ያልኩትም እሱን ነው፤ የጃቫ ቋንቋው ሀይበርኔት እ.ኤ.አ. ከ2001፣ የፓይተን ቋንቋው ጃንጎ ከ2005 ጀምሮ ይህን ሥራ ይሠራሉ። ሠንጠረዡን ኦብጀክት አስመስለው ያቀርቡላችኋል። መከራው ያለው እዚሁ ማስመሰሉ ላይ ነው።

ኮዱ ሲነበብ እንከን የለውም። አባላቱን አምጣ ይላል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ አባል የሕንፃውን ቁጥርና የመጨረሻ ክፍያውን ጻፍ ይላል። አራት መስመር፣ ንጹሕ። ግን «የአባሉ ሕንፃ» ብላችሁ በጻፋችሁ ቁጥር ላይብረሪው ሳይነግራችሁ አንድ ጥያቄ ወደ ዳታቤዙ ይልካል። 400 አባል ያለው እድር እንውሰድ። ዝርዝሩን ለማምጣት 1 ጥያቄ፣ ለሕንፃ 400፣ ለመጨረሻ ክፍያ ሌላ 400። በድምሩ 801። ዳታቤዙ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ቢሆን እያንዳንዱ አንድ ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅ ማንም ሳያውቅ ያልፍ ነበር። አውሮፓ ደርሶ መመለሱ 150 ሚሊ ሰከንድ ቢወስድስ? አስሉት፤ ሁለት ደቂቃ ይሆናል። ድግስ ያለበት ቤት ገበያተኛ ልኮ፣ ሰውየው በርበሬውን ከመርካቶ ገዝቶ ቱሉ ዲምቱ ይመለሳል፤ ለሽሮው እንደገና መርካቶ ይሄዳል፤ ለቅመሙ እንደገና። ከዚያ «መንገዱ ተዘጋግቶ ነው ድግሱ የዘገየው» ይባላል።

በሙያው ችግሩ ያረጀ ያፈጀ ነው፤ «ኤን ሲደመር አንድ» ይሉታል፤ ለዝርዝሩ አንድ ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ አባል ደግሞ ሌላ ማለት ነው። መድኃኒቱም አብሮ አርጅቷል። ሕንፃውን ከአባሉ ጋር አጣምረህ አምጣ፣ የመጨረሻውን የክፍያ ቀን ዳታቤዙ ራሱ ያስላው ብሎ ማዘዝ ብቻ ነው። 801ዱ ጥያቄ 1 ሆነ። ገጹም ተጫን ሲሉት የሚከፈት ሆነ። ታዲያ የእድሩ ሰብሳቢ አዩትና ምን አሉ? «ዛሬስ ኔትወርኩ ተሻሽሏል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው!» ዝም አልኩ። ምን ይባላል?

እኔን የሚያበግነኝ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ረጅም አልጽፍም ነበር። መዘግየት ያናድዳል እንጂ የሰው ሐቅ አይበላም። የሚቀጥለው ግን ሐቅ የሚበላ ነው።

እድር ውስጥ አባል ሲሞት ባለቤቱ አባልነቱን ትቀጥላለች። በደብተር ጊዜ ይህ አንድ ስም ሰርዞ ከጎኑ ሌላ ስም መጻፍ ነበር፤ የከፈሉት ሁሉ በዚያው ገጽ ይቀራል። በሠንጠረዥም ቢሆን አንድ ዓምድ መቀየር ነው። በኦብጀክት ዓለም ግን ባለሙያው «ቋሚ አባል» የሚባል አንድ ክላስ (ኦብጀክት የሚሠራበት ንድፍ)፣ «ወራሽ አባል» የሚባል ሌላ ክላስ ፈጥሯል፤ ኦብጀክት ደግሞ በቋሚ አባልነት ከተፈጠረ ወደ ወራሽ አባልነት የሚቀየርበት ቀና መንገድ የለውም። ስለዚህ ምን አደረገ? የሟቹን ሰርዞ ለሚስቲቱ አዲስ ይፈጥራል። ክፍያዎቹ የታሰሩት በሟቹ ላይ ነው፤ ትእዛዙም «አባሉ ሲሰረዝ የታሰረበት ሁሉ ይሰረዝ» ነው።

በጃንጎ አንዱን ረድፍ ከሌላው ስታስሩ «ያ ሲሰረዝ ይህ ምን ይሁን?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ሥሪት 2.0 ወዲህ መልሱን መጻፍ ግዴታ ነው። «ክፍያ ያለበትን አባል መሰረዝ ከልክል» ብሎ መመለስም ይቻላል፤ አንድ ቃል ነው። ግን በየማስተማሪያው ላይ የሚታየው የመጀመሪያው ምሳሌ «አብሮ ይሰረዝ» የሚለው ስለሆነ ሁሉም እሱን ገልብጦ ያልፋል።

ውጤቱን ልንገራችሁ። ባሏ ለዓመታት ሳያቋርጥ የከፈለላት እናት ቢሮ መጣች። በኮምፒውተሩ አዲስ አባል ናት፤ የከፈለችው ዜሮ። በመተዳደሪያ ደንቡ አዲስ አባል ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ እድሩ የሚሰጠው ሙሉ ክፍያ አይገባውም። ገንዘብ ያዡ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ደጋግመው አዩ። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡና ገጹን በጣታቸው ይዘው «ልጄ፣ ይኸው እዚህ አለ። እዚያ ማን አጠፋው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ማን አጠፋው ልበላቸው? ላይብረሪው? ክላሱ? እድሜ ለደብተሩ፣ ሴትዮዋ የሚገባትን አገኘች።

ይህንንም ኔትወርክ ነው ያለ አልጠፋም።

ቀኑንስ አንሥቼ ልተወው? የክፍያ ቀን የሚለው ዓምድ የፈረንጅ ቀን ብቻ የሚቀበል ነው፤ ባለሙያው የእኛን ቀን ሳይለውጥ እንዳለ አስገባበት። ፕሮግራሙ ሁለተኛውን ወር ፌብሯሪ ነው ብሎ ያምናል፤ ለእኛ ደግሞ ጥቅምት ነው፣ 30 ቀን አለው። ስለዚህ ጥቅምት 30 የከፈለ ሰው «ስህተት» ተብሎ ይመለሳል። ጥቅምት 29 ደግሞ ጉዱ የባሰ ነው፤ በ2016 ይቀበላል፣ በ2017 አይቀበልም፣ ምክንያቱም ለእሱ 2016 ፌብሯሪ 29 ቀን ያለው ዓመት ነው። ጳጉሜን አታንሡት፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ጸሐፊዋ ዘዴ አበጅተው በጥቅምት መጨረሻ የመጣውን ሁሉ «28» ብለው ይመዘግባሉ። ቀኑን አንዴ ወደ ፈረንጅ ለውጦ ማስቀመጥና ለሰው ሲታይ ብቻ ወደ እኛ መመለስ ምን ያህል ከባድ ሆኖ ነው?

ስምም እንዲሁ። ጃንጎ ይዞት የሚመጣው የተጠቃሚ ክላስ ሁለት የስም ቦታ አለው፣ የመጀመሪያና የቤተሰብ። እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ሦስት ሰው ሁለት ወንበር ላይ አስቀምጠው ሄዱ፤ አሁን በአያት ስም የሚፈልግ ሰው አያገኝም።

«ታዲያ ኦአርኤሙን ጣለውና ሁሉንም በእጅህ ጻፍ» የምትሉኝ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። አልጥለውም። በእጅ የተጻፈ ኤስኪውኤል (ዳታቤዝ የሚጠየቅበት ቋንቋ) ከተጠቃሚ የመጣን ጽሑፍ እንዳለ ሲቀጥል ለሰርጎ ገብ ስንት ቀዳዳ እንደሚከፍት አይቻለሁ። መሣሪያው ጥሩ ነው። የማልታገሠው መሣሪያውን እንደ መጋረጃ የሚጠቀመውን ነው። የሥራ ማስታወቂያው ጃንጎ፣ ስፕሪንግ፣ ላራቬል እያለ የመሣሪያ ስም ይደረድራል፤ ኤስኪውኤል ግን ከታች «ቢያውቅ ይመረጣል» ነው። ሥልጠና የምትሰጡትም ለስክሪኑ ውበት ሳምንታት ትሰጡና ሠንጠረዥ ለማስተማር ግማሽ ቀን አታገኙም። ላይብረሪው የሚልከውን እያንዳንዱን ጥያቄ በጽሑፍ የሚያሳይ ቅንብር በሁሉም አለ። ተማሪው አንድ ጊዜ ከፍቶት 801 መስመር ሲወርድ ቢያይ እኮ ሌላ ምክር አያስፈልገውም ነበር።

ለማንኛውም የጠፋውን ክፍያ ከገንዘብ ያዡ ደብተር እየገለበጥን መልሰን እያስገባን ነው። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ቀኑን በትክክለኛው አቆጣጠር። ኮሚቴው ለዚህ የሚከፈል በጀት የለም ብሏል፤ የቀድሞው ባለሙያ ደግሞ ስልክ አያነሣም።