ኩሬ የሚሸከመው ኪሎ ነው፤ ሪፖርታችን የሚቆጥረው ጫጩት

በባሕር ዳር ዙሪያና በጣና ዳርቻ ስለ ዓሣ ኩሬ በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚጠራው «ይህን ያህል ሺህ የዓሣ ጫጩት ተሰራጨ» የሚለው ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ዓሣን ከወተት፣ ከእንቁላልና ከማር ጋር ወደ ገበሬው ማዕድ ለማምጣት ያለመ በጎ ሐሳብ ነው። ገበሬውን የሚጎዳው ግን ብዙ ጫጩት ብዙ ዓሣ ይሆናል የሚለው ግምት ነው። ኩሬ ልክ አለው፤ ልኩም የሚለካው በዓሣ ብዛት ሳይሆን በክብደት ነው።

10 በ20 ሜትር የሆነ፣ 200 ካሬ ሜትር ኩሬ እንውሰድ። የዶሮ ኩስ ብቻ እየተጨመረበት ውኃው አረንጓዴ የሚሆን፣ ሌላ መኖ የማይሰጥበት ኩሬ በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 300 ግራም ዓሣ ይሸከማል። መካከለኛውን ብንይዝ ጠቅላላው 40 ኪሎ ነው። 200 ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ከገባበት እያንዳንዱ 200 ግራም ያህል ይደርሳል፤ 400 ከገባ 100 ግራም፤ 1,000 ከገባ 40 ግራም። በሦስቱም የተመረተው ያው 40 ኪሎ ነው። ባለ 200 ግራሙ ሙሉውን ተጠብሶ የሚቀርብ፣ ገበያ የሚፈልገው ዓሣ ነው። ባለ 40 ግራሙ ግን ቅርፊቱ ተፍቆ ሆድ ዕቃው ሲወጣ ከእሾሁ በቀር እምብዛም የሚተርፈው ነገር የለም፤ ገዢም አያገኝም።

ይህም ዓሣው በኩሬው ውስጥ ካልተራባ ነው። ቆሮሶ ደግሞ ይራባል፣ ያውም በፍጥነት። ወንድና ሴት ተቀላቅሎ ከገባ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ገና 30 ወይም 40 ግራም ሳለ ለመራባት ይደርሳል። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስለምትፈለፍል አብዛኛው ጫጩት ይተርፋል፤ ውኃው ሞቅ ካለ በየአንድ ወር ተኩሉ ገደማ ትደግማለች። በ400 የተጀመረ ኩሬ ስድስት ወር ሳይሞላው በሺዎች ይሞላል። ያን ጊዜ መጀመሪያ ላይ ተጠንቅቆ የተቆጠረው ቁጥር ትርጉም አይኖረውም። እንቁላሏን በአፏ ይዛ መብላት የምታቆመው እናትም አታድግም፤ ጉልበቷ ሁሉ በጫጩቶቿ ያልቃል።

መጨናነቁን ከዓሣው አካል ማንበብ ይቻላል። መረብ ጥላችሁ ያወጣችሁት ቆሮሶ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ገላው ከጀርባው የሳሳ፣ መጠኑ ከእጅ መዳፍ ያነሰ ሆኖ አፉ ውስጥ እንቁላል ከተገኘ ያ ዓሣ ገና ለጋ አይደለም፤ ዕድሜው የሄደ፣ ዕድገቱ የቆመ ነው። መኖ ብቻ ቢጨመርለት መጨናነቁ አይቀርም። መፍትሔው ኩሬውን አድርቆ እንደገና መጀመር ነው፤ ጭቃው ውስጥ የቀረች ጥቂት ዓሣ ሁሉን ነገር ወደ ነበረበት ስለምትመልሰው ወለሉ እስኪሰነጣጠቅ መድረቅ አለበት።

ስለዚህ ወንዶቹን ብቻ ማስገባት ይሻላል። ወንዱ ቆሮሶ ከሴቷ ፈጥኖ ያድጋል። ዓሣው 30 ግራም ሲያልፍ ሆዱን ገልብጦ ፊንጢጣው አካባቢ ማየት በቂ ነው፦ ወንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ሴቷ ሦስት። በእጅ ሲለይ ጥቂት ሴቶች ማምለጣቸው አይቀርም፤ አምባዛ የሚባለው አዳኝ ዓሣ የሚያስፈልገውም የእነዚህን ጫጩት እንዲበላ ነው። ከ10 ቆሮሶ ጋር 1 አምባዛ፣ ማለትም ለ400 ቆሮሶ 40 አምባዛ ይበቃል። ሲገባ ከቆሮሶው ያነሰ መሆን አለበት፤ ከበለጠ ያስገባችሁትን ቆሮሶ ራሱን ይበላዋል። አምባዛዎቹም እኩያ ይሁኑ፣ ትልቁ ትንሹን ከመዋጥ አይመለስምና። ሌላው በተደጋጋሚ የሚታይ ጉድለት አምባዛውን ማጥገብ ነው። ፋጉሎ እንደልቡ የሚያገኝ አምባዛ ጫጩት ለማሳደድ አይደክምም፤ የቆሮሶውን መኖ እየተሻማ ሥራውን ይተወዋል።

መኖ ሲጨመር ኩሬው የሚሸከመው ክብደት ከፍ ይላል። ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ በአካባቢው አሉ፤ ተፈጭተውና ተደባልቀው ሲሰጡ በካሬ ሜትር 2 ቆሮሶ ማሳደግ ይቻላል። ከዚያ በላይ ግን የሚያግደው ኦክስጅን ነው። እዚህ ላይ ከቆላ አገር የተቀዳ መመሪያ ባሕር ዳር ላይ አይሠራም የምንለው በምክንያት ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው፤ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዝቅተኛ ቦታ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በዚያ ላይ ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ኩሬውን ከዚያ በእጅጉ ያወርደዋል። በሌላ አገር 6 ወር የሚበቃው ዕድገት እዚህ 8 ወይም 10 ወር ቢፈልግ አያስገርምም፤ ያ ጊዜ ደግሞ ለመራባት የሚተርፍ ጊዜ ነው።

ኦክስጅን የሚጎድለው ሊነጋ ሲል ነው። ሌሊቱን ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌም፣ ዓሣውም፣ ታች የበሰበሰው መኖም ይተነፍሳሉ፤ የሚተካ የለም። ማለዳ ቆሮሶዎቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ መኖ ይቁም፣ ኩስ አይጨመር፣ ንጹሕ ውኃ ከፍ ካለ ቦታ እየወረደ ይግባ። አምባዛው ከአየር ስለሚተነፍስ ምንም ላይመስለው ይችላል፤ በእሱ ደኅንነት መዘናጋት አይገባም። ለውኃው አየር የሚሰጥ ማራገቢያ ለሌለው 200 ካሬ ሜትር ኩሬ በቀን ከ1 ኪሎ በላይ መኖ መስጠትን አንመክርም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ሲውል ግማሹ ይበቃል።

ልኩን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በወር አንድ ጊዜ 30 ዓሣ በመረብ ይያዝ፣ ውኃ ባለበት ባልዲ ይመዘን፣ የባልዲውና የውኃው ክብደት ይቀነስ። 30ው 2.4 ኪሎ ከመዘኑ አንዱ 80 ግራም ነው፤ 400ው 32 ኪሎ ይሆናሉ፤ የክብደታቸውን 3 በመቶ ሲሰላ የቀኑ መኖ 960 ግራም ነው። በሚቀጥለው ወር እንደገና 80 ግራም ላይ ከተገኙ ኩሬው ሞልቷል። ያኔ መኖ ከመጨመር ትላልቆቹን አውጥቶ መሸጥ ይቀድማል፤ የቀሩት ማደግ ይቀጥላሉ።

የተጨናነቀ ኩሬ ጉዳቱ ለሐይቁም ይተርፋል። የጣና ቆሮሶ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ቆሮሶ ፎገራ ሜዳ ላይ ወይም ዳርቻው አጠገብ በሺዎች ተራብቶ የክረምት ጎርፍ ኩሬውን ቢያልፈው መድረሻው ጣና ነው። ስለዚህ ከሐይቁ ዳር ላለ ኩሬ ዘሩ ከራሱ ከጣና የተገኘ መሆን አለበት፤ የውኃ መውጫውም በወንፊት ይሸፈን፣ ግድቡም ጎርፍ ከሚደርስበት ከፍ ይበል።

የወረዳና የክልል ኃላፊዎችን የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። በሪፖርቱ ቅጽ ላይ ከተሰራጨው ጫጩት ቀጥሎ ሁለት ዓምድ ይጨመር፦ ከኩሬው የወጣው ዓሣ ጠቅላላ ኪሎና የአንዱ ዓሣ አማካይ ክብደት። ለአንድ ኩሬ 1,000 የተቀላቀለ ጫጩት ከማደል 400 የተለየ ወንድና 40 አምባዛ መስጠት፣ ከዚያም ባለሙያው ሚዛን ይዞ በየወሩ እንዲመለስ ማድረግ ይቅደም።