የወታደሩ ሕመም በመቶኛ ሲሰፈር

ወገቡን ተጎድቶ ከአሜሪካ ጦር የወጣ ሰው ከቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ቪኤ) ጋር ሲከራከር፣ የወገቡን ጉዳት ማሳመኑ ከሌላው ይቀላል። ኤምአርአይ በአከርካሪ አጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ መንሸራተቱን ያሳያል፤ ሐኪሙም ጎንበስ ቀና አስደርጎ በዲግሪ ይለካዋል። ጭቅጭቁ የሚበረታው ሕመሙ ከመቀመጫ ተነሥቶ በጭን ወርዶ እስከ እግር ጣት ሲደርስ ነው። ሳያቲካ የሚባለው ይህ ሕመም በዓይን አይታይም። አንድ ቀን ይነዝራል፣ አንድ ቀን እግርን ያደነዝዛል፣ በማግስቱ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይተዋል። ሕጉ ለዚህ ሕመም የሰጠው ዋጋ አንሷል ብዬ አምናለሁ፤ በውሳኔው ላይ ይግባኝ የሚሉትም ደግ አደረጉ።

የቪኤ ደንብ የወገቡ ጉዳትና ከወገብ የመነጨው የእግር ነርቭ ጉዳት ለየብቻ እንዲመዘኑ ያዛል። ከወገብ ወደ እግር የሚወርደው ሳያቲክ ነርቭ የሚመዘነው በደንቡ ኮድ 8520 ነው። ምዘናው የጉዳቱን ክብደት በመቶኛ ያስቀምጣል፤ የወር ካሳው የሚወሰነውም በዚያ ነው። ቀላል ከተባለ 10 በመቶ፣ መካከለኛ ከተባለ 20፣ ከመካከለኛ የከፋ 40፣ ጡንቻው በግልጽ የመነመነበት ከባድ ጉዳት 60፣ ከጉልበት በታች ምንም የማያንቀሳቅስ ሙሉ ሽባነት 80 በመቶ ይሰጠዋል። በ2025 ተመን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጥገኛ የሌለው ሰው በ20 በመቶ በወር 347 ዶላር ገደማ፣ በ40 በመቶ ደግሞ 774 ዶላር ገደማ ያገኝ ነበር። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ፣ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

በዚሁ ደንብ ውስጥ ግን ብዙ ሰው የሚሰናከልባት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ጉዳቱ የጡንቻ ድካም ሳይኖረው ሕመም፣ እንደ ጉንዳን መውረርና መደንዘዝ ብቻ ከሆነ ቀላል፣ ቢበዛ መካከለኛ ተብሎ ይመዘን ትላለች። እንግዲህ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ የተሳነው፣ ሌሊቱን በእንቅልፍ እጦት የሚያነጋ ሰው ባቱ ካልመነመነ፣ የእግሩም ጡንቻ ካልደከመ፣ በአንድ እግሩ ከ20 በመቶ በላይ አያገኝም ማለት ነው። የመመዘኛው መሠረት የተጣለው በ1945 ነው። ያኔ ኤምአርአይ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሐኪሙ የነበረው መዶሻ፣ መርፌና ሜትር ነው። በእነዚህ የሚገኘውን ብቻ ማመን ለዚያ ዘመን ይገባል። ዛሬ ነርቩ የተጫነበትን ቦታ በምስል እያየን በዚያው መስፈሪያ መቀጠላችን ግን በደል ነው።

የቪኤን ምርመራ ላላየ ሰው ልንገረው። ቬተራኑ (የቀድሞው ወታደር) በጀርባው ይተኛል፣ መርማሪው እግሩን ሳያጥፍ ቀጥ አድርጎ ያነሣና የት ድረስ እንደሚያመው ይጠይቀዋል። ጉልበቱንና ከተረከዝ በላይ ያለውን ጅማት በመዶሻ መታ መታ ያደርጋል፣ የእግሩን ጀርባ ይዳስሳል፣ በእግሩ አውራ ጣት የመርማሪውን እጅ እንዲገፋ ያዘዋል። ከዚያ ወደ ቅጹ ይመለሳል። ቅጹ ላይ የማያቋርጥ ሕመም፣ መጣ ሄደት የሚል ሕመም፣ መውረር፣ መደንዘዝ የሚሉ ረድፎች አሉ። ለቀኝና ለግራ እግር «የለም»፣ «ቀላል»፣ «መካከለኛ»፣ «ከባድ» እያለ ምልክት ያደርጋል። የሰውየው የዓመታት ኑሮ ወደ መዝገብ የሚገባው በእነዚያ ምልክቶች ነው።

የእኛ ልጆች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። በ2008 በታወጀውና በ2016 በቆመው፣ ግሪን ካርድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች በቋንቋቸው ወይም በሙያቸው ይቀጥር በነበረው ማቭኒ በተባለው ፕሮግራም የአሜሪካ ጦር ይፈልጋቸው ከነበሩት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር፤ በግሪን ካርድ ገብተው የተመዘገቡም አሉ። እነዚህ ልጆች ያደጉት ጥርስን ነክሶ መቻልን እየተማሩ ነው። መርማሪው ገብቶ እንዴት ነህ ሲለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ሕመሙ ዛሬ እንዴት ነው ሲለው «ይሻላል» ይላል። ያመመው ትናንት ወይም ባለፈው ሳምንት ስለነበር ዛሬ ማጋነን ነውር ይመስለዋል። መርማሪው የሰማውን ይጽፋል፣ ቀላል ላይ ምልክት ያደርጋል። በአገልግሎት ዘመኑም ሰነፍ እንዳይባል ክሊኒክ ሳይሄድ ሆድ ይፍጀው ብሎ ያለፋቸው ቀናት ስላሉ፣ በኋላ የአገልግሎት መዝገብህ ባዶ ነው ተብሎ ጥያቄው ውድቅ ይሆንበታል።

በ2018 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሳውንደርስ በዊልኪ ላይ በተባለው ክርክር ትልቅ ነገር ወሰነ። ከሳሿ ሳውንደርስ ከ1987 እስከ 1994 በጦሩ ያገለገለች ስትሆን የሚያማት ጉልበቷ ነበር። ሕመም ብቻውን፣ ያለ ተለየ በሽታ፣ አካል ጉዳት አይባልም ተብሎ ካሳ ተከልክላ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሰውን ከተግባሩ የሚያግድ ሕመም በሕግ ዓይን አካል ጉዳት ሊሆን ይችላል አለ። ሕመም ካሳ ሊያስገኝ ከቻለ፣ የነርቭ ሕመም ገና መመዘን ሳይጀምር 20 በመቶ ላይ ጣሪያ የሚደረግበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሕመምን ማስመሰል ይቻላል፣ የሕዝብ ገንዘብ ነው የሚሉ ሰዎች ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሕጉ ራሱ ሰው ስለሚሰማው ነገር የሚሰጠውን ቃል በማስረጃነት ይቀበላል። ደጋፊና ተቃራኒ ማስረጃው ሲመጣጠንም ጥርጣሬው ለቬተራኑ እንዲደረግለት ያዛል። ቃሉን ከሐኪም መዝገቡ፣ ከሚስቱና ከሥራ ባልደረባው ምስክርነት ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ይህን ሁሉ ትቶ ጣሪያ ማስቀመጥ ሐሰተኛውንና ሐቀኛውን እኩል መቅጣት ነው።

ደንቡ እስኪሻሻል ድረስ ያለው መንገድ ይግባኝ ነው። ከየካቲት 2019 ወዲህ ሦስት መንገዶች አሉ፦ አዲስ ማስረጃ ጨምሮ እንደገና ማመልከት፣ ያለ አዲስ ማስረጃ በከፍተኛ ባለሙያ ማስገምገም፣ ወይም ወደ ይግባኝ ቦርዱ መሄድ። ለሳያቲካ እኔ የምመርጠው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ነው፤ የጎደለው ሕመሙን የሚያስረዳ ጽሑፍ ነውና። ሕመሙ የሚነሣበት ቀን ምን ከመሥራት እንደሚያግደው፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቀመጥ፣ ከመኪና ሲወርድ ማን እንደሚደግፈው በቀንና በሰዓት ይጻፍ። እግሩ ተይዞበት ደረጃ ላይ መውደቁን ያየ ሰው ካለ ያየውን ጽፎ ይፈርም። የራሱ ሐኪም የእግሩ ጡንቻ መድከሙን መርምሮ ካገኘ በቅጹ ላይ ይሙላው፤ ያቺን ጣሪያ የሚያሳልፈው እሱ ነው። ውሳኔው ከተሰጠ አንድ ዓመት ሳያልፍ ማስገባት መጀመሪያ ያመለከተበትን ቀን፣ ማለትም ውዝፉን ያድናል። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ ይራቁት፤ ሕግ ይከለክላል። እንደ ዲኤቪ ያሉ የቬተራን ማኅበራት በነጻ ይረዳሉ።

ከመሥሪያ ቤቱና ከኮንግረሱ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሕመምንና መደንዘዝን መካከለኛ ላይ የምታቆመው ዓረፍተ ነገር ትሰረዝ። መርማሪውም በቅጹ ላይ ምልክት ከማድረጉ በፊት «ሕመሙ በሚብስበት ቀን እንዴት ትውላለህ?» ብሎ እንዲጠይቅና መልሱን ቃል በቃል እንዲጽፍ ይገደድ።