ክኒኑ ያረጋጋዋል፣ የሚያስተምረውስ ማነው?

እዚህ አሜሪካ ባለን ሀበሾች መሀል የልጅ ጠባይ ወሬ ሲነሳ ክርክሩ ቶሎ ብሎ መድኃኒት ይውሰድ አይውሰድ ላይ ይሄድና እዛው ይቀራል። አንዱ ልጄን በክኒን አላደነዝዝም ይላል፣ ሌላው ደሞ ልጁ ሪታሊን የሚባለውን የኤዲኤችዲ መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ አስተማሪዋ መደወል ስላቆመች ነገሩ አለቀ ብሎ ይቀመጣል። ሁለቱም ጋ የቀረ ነገር አለ፣ ልጁ ያቃተውን ነገር ቁጭ ብሎ የሚያስተምረው ሰው።

ስለ ኤዲኤችዲ (ADHD) ነው የማወራው። ተራ መጠበቅ፣ የጀመሩትን መጨረስ፣ ንዴትን መያዝ ስለሚያቅታቸው ልጆች። ሪታሊንና ኮንሰርታ ውስጥ ያለው ሜቲልፌኒዴት አእምሮ ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ስራ ያጠናክራል፣ ልጁ ትኩረቱን መሰብሰብና አንድ ነገር ከማድረጉ በፊት ቆም ማለት ይቀለዋል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ጓደኛው ኳሱን ሲነጥቀው ከመማታት ሌላ ምን ማድረግ እንደሚችል ክኒኑ አይነግረውም። ደሞ ሰአት አለው፣ አጭሩ 4 ሰአት ገደማ ነው የሚሰራው፣ ረጅሙ እንደየአይነቱ ከ8 እስከ 12 ሰአት። ጠዋት የዋጠው ልጅ ማታ የቤት ስራና እራት ሲደርስ መድኃኒቱ እየለቀቀው ነው፣ አንዳንዱ እንደውም በዛ ሰአት ይብስበታል፣ እናትና አባት ከስራ ደክመው የሚገቡት ደሞ ያኔ ነው።

በ1999 ውጤቱ የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ፣ ከ7 እስከ 9 አመት የሆናቸው 579 ልጆች ለ14 ወር የተከታተሉበት። መድኃኒት የሚጠሉ ሰዎች የማይወዱት ውጤት አለው፣ ቅብጥብጥነትንና ትኩረት ማጣትን በመቀነስ በኩል በደንብ ክትትል የተደረገበት መድኃኒት ከባህሪ ቴራፒ ብቻው በልጧል። ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ያገኙት ልጆች በዝቅተኛ ዶዝ ነው ጥሩ ውጤት ያገኙት፣ ከወላጅ ጋር በመግባባትና ከእኩዮቻቸው ጋር በመኖርም ጥቅም ታይቶበታል። የአሜሪካ የህጻናት ሐኪሞች ማህበርም በ2019 መመሪያው ከ6 አመት በታች ላሉት መጀመሪያ የወላጅ ስልጠና ነው የሚለው፣ ከዛ በላይ ላሉት ደሞ መድኃኒትና ስልጠና አብረው።

አዎ የወላጅ ስልጠና። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይቀየማል፣ እኔ ነኝ እንዴ የታመምኩት ይላል። አይደለም፣ ማንም ወላጁን አልወቀሰም፣ ቴራፒስቱ ልጁን በሳምንት አንዴ ነው የሚያየው እናንተ ግን በየቀኑ ስለሆናችሁ ነው። የሚማሩት ነገር ደሞ ቀላል ይመስላል እንጂ ልምምድ ይፈልጋል። ከኪችን ሆኖ ልበስ፣ ብላ፣ ቦርሳህን ያዝ ብሎ ሶስት ነገር ከመጮህ አጠገቡ ሄዶ ስሙን ጠርቶ አንድ ነገር ብቻ ማዘዝ። ታብሌቱን ድንገት ከመንጠቅ ከ5 ደቂቃ በፊት መንገር። ጎበዝ ብሎ ማለፍ ሳይሆን እህትህ እስክትጨርስ ስለጠበቅክ ደስ ብሎኛል ማለት፣ ይሄ እኛ ቤት ብዙም አልተለመደም፣ ልጅ ሲመሰገን ይበላሻል እየተባልን ነው ያደግነው። ከሁሉም በላይ ደሞ ልጁ እየጮኸ እያለ ምንም ማስተማር እንደማይቻል ማወቅ፣ ሲረጋጋ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሆድ ሲሞላ፣ ስትናደድ ምን ትላለህ ብሎ አብሮ መለማመድ። እኛ በቁንጥጫና በበርበሬ ጭስ ነው ያደግነው ምን ሆንን የሚሉ አሉ። ዱላ ልጁን ያስፈራዋል፣ በሱ ፋንታ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አያሳየውም፣ ለነዚህ ልጆች ደሞ ችግሩ እሱ ነው።

ትምህርት ቤቱም ግዴታ አለበት። ከ2004 ጀምሮ የፌደራሉ ህግ የትምህርት ቤት ሰራተኛ ልጁ ሪታሊን ካልወሰደ ክፍል አይገባም ማለት እንዳይችል ይከለክላል፣ ስለዚህ መድኃኒቱ የናንተና የሐኪማችሁ ውሳኔ ነው። ልጄ ይመርመርልኝ ብላችሁ በጽሁፍ ጠይቁ፣ በአፍ የተነገረ ይጠፋል። በአይኢፒ ሚቲንግ (ልጁ ትምህርት ቤት የሚያገኘው ልዩ ድጋፍ እቅድ የሚወጣበት ስብሰባ) ላይ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ፣ እባካችሁ የ10 አመት ልጃችሁን ስለራሱ ጠባይ እንዲያስተረጉም አታስቀምጡት።

የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ስልጠና አለ፣ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ነው፣ ስፔሻሊስት ያልሆነ ሰውም ሰልጥኖ ሊሰጠው ይችላል፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። አገር ቤት ከተሞከረ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያለን ሰዎች ምን አቃተን? ቤተክርስቲያኖቻችንና መስጊዶቻችን አዳራሽ አላቸው፣ በየሆስፒታሉ የሚሰሩ ሀበሻ ነርሶችና ሶሻል ወርከሮች አሉን። በሳምንት አንድ ምሽት፣ በአማርኛ፣ ልጆቹን ጎን ክፍል ውስጥ የሚይዝ ሰው መድቦ፣ ወላጆችን ማሰልጠን ይቻላል፣ የማህበር መሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አጀንዳ አርጋችሁ ያዙት።